ተጨማሪ መረጃ፦ ቢራቢሮ ዓሣን በቤት ገንዳ ማቆየት

በቀይ ባሕር የኮራል አለቶች ዙሪያ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆነው የሚዋኙት ቢራቢሮ ዓሦች ሰውነታቸው ጠፍጣፋ፣ አፋቸው ሹል ነው። ውበታቸው ብዙዎችን ቢማርክም በቤት ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ ማቆየቱ ቀላል አይደለም። ዋናው ችግር ምግብ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከሕያው ኮራል በቀር እምብዛም ሌላ አይቀምሱም። በቀይ ባሕር የሚኖረው ኬቶዶን አውስትሪያከስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በገንዳ ውስጥ ውኃው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በረኀብ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ከባሕር ባያወጡት ይሻላል። ሌላው ዝርያ ኬቶዶን አውሪጋ ግን ትላትልንም ስለሚበላ በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ሊለምድ ይችላል (በገንዳው ውስጥ ኮራል ካለ ግን እሱንም አይምርም!)።

ውኃው በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨውና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሊኖረው ይገባል። የቀይ ባሕር ጨውነት ራሱ 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ወዲያው ዓሣ አይጨመርም፤ መርዛማውን አሞኒያ ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል። ዓሣውን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ በሻጩ ገንዳ ውስጥ ምግብ ሲበላ በዓይኑ ይመልከት።