ከሩቅ ሆኖ የጤና ተቋምን ኮምፒዩተር መጠገንና የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ

አለርት በመባል የሚታወቀው ሆስፒታል በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በሥፍራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተከፈተው በ1920ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ መላ አፍሪካን የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና የተሐድሶ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ነው። ተቋሙ ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዞ ስለሚታወቅ አንድ ሰው ወደ ዘነበወርቅ ሲሄድ መታየቱ ብቻ ሐሜት ሊያስነሣበት የሚችልበት ዘመን ነበር። የሥጋ ደዌ በጥምር መድኃኒት መዳን ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ቢያልፍም መገለሉ ከበሽታው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሚጥል በሽታም ይኸው ሊባል ይቻላል። የሕመምተኛ ካርድ ምስጢርነት የሥነ ምግባር ደንብ ብቻ ሳይሆን የሰው ትዳር፣ ሥራና ጉርብትና የሚመሠረትበት ጉዳይ ነው።

ቀድሞ ይህ ምስጢር የሚጠበቀው በካርድ ክፍል ቁልፍ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ይታወቃል፤ ካርድ ሲጠፋም የሚጠየቀው እርሱ ነው። ዛሬ የሕሙማን መዝገብ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የወር ሪፖርት በኮምፒዩተር የሚያዝባቸው የጤና ተቋማት ብዙ ናቸው። ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ጊዜ የሚጠግነው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በቦታው የለም፤ ከሌላ ክፍለ ከተማ፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር ሆኖ በኢንተርኔት ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የርቀት ጥገና እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን አደጋ እንዳለውና የጤና ባለሙያው ምን ማወቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

የርቀት ጥገና ለምን አስፈለገ?

በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ተቋማት ወርኃዊ መረጃቸውን ዲኤችአይኤስ 2 በተሰኘው ሥርዓት መላክ ጀምረዋል። ሪፖርቱ የሚላክበት ቀን የታወቀ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ቀን አይመርጥም። ለምሳሌ ቀራንዮ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ መጨረሻ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ቢለው፣ ከሜክሲኮ ወይም ከፒያሳ ተነሥቶ በክረምት ጭቃና በታክሲ ሰልፍ መሐል እዚያ የሚደርስ ባለሙያ ለአሥር ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አንድ ባለሙያ ብዙ ተቋማትን በሚያገለግልበት ሁኔታ ይህ የሚያስኬድ አይደለም። በግል ክሊኒኮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ የኮምፒዩተር ዕውቀት ያለው ዘመድ ሌሊት ገብቶ ያስተካክላል። ነገሩ በቅን ልቦና የሚደረግ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘመድ የሐኪሙ ዘመድ እንጂ የሕመምተኛው ዘመድ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

አሠራሩ

ከሩቅ የሚጠግነው ሰው የኮምፒዩተሩን ስክሪን በራሱ ስክሪን ላይ ያያል፤ የእርሱ ኪቦርድና ማውስ የሚሰጡት ትእዛዝም በወዲያኛው ኮምፒዩተር ላይ ይፈጸማል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ በየጊዜው አይላክም። የሚላከው ከቀድሞው የተለወጠው የስክሪኑ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዘገምተኛ በሆነ መስመርም ሊሠራ ይችላል። ባለቀለም ፎቶግራፍ በስክሪኑ ጀርባ ላይ ማስቀመጥ መስመሩን የሚያዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግንኙነቱ የሚፈጠርባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። ይህን ለመረዳት ብዙ ተከራዮች ያሉበትን አንድ ግቢ ማሰብ ይጠቅማል። የግቢው የውጭ በር አንድ ነው፤ ከመንገድ ሆኖ አንድን ተከራይ በቀጥታ መጥራት አይቻልም። የጤና ጣቢያ ኮምፒዩተሮችም በአንድ ራውተር በኩል በአንድ የጋራ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት ስለሚወጡ ከውጭ በቀጥታ አይገኙም። እንደ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን የሚፈቱት ሁለቱም ወገኖች ወደ ውጭ እንዲደውሉ በማድረግ ነው። የኩባንያው ማሽን መሐል ሆኖ ያገናኛቸዋል፤ የታካሚው ወገን (እዚህ ላይ ታካሚው ኮምፒዩተሩ ነው) የመለያ ቁጥሩንና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቃል በስልክ ይነግራል።

ሁለተኛው መንገድ በራውተሩ ላይ ቀዳዳ መክፈት ነው። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ በተለምዶ ቁጥሩ 3389 የሆነውን በር ይጠቀማል። አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራ ለማቅለል ይህን በር ለመላው ዓለም ክፍት ያደርጉታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ኢንተርኔትን ቀን ከሌሊት እየዞሩ ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉና እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር በተከፈተበት ዕለት የይለፍ ቃል ግምት ሲወርድበት ያድራል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር ማይክሮሶፍት በዚሁ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ የይለፍ ቃል እንኳ ሳያስፈልግ የሚያስገባ ጉድለት መገኘቱን አስታውቆ፣ ድጋፉ ካበቃ አምስት ዓመት ለሆነው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ ለማውጣት ተገዶ ነበር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ቪኤንሲ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በቀድሞው ዓይነቱ ከይለፍ ቃሉ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ብቻ ነው። ሃያ ፊደል የጻፈ ሰው ሃያ ፊደል የሚጠብቀው ይመስለዋል፤ የሚጠብቁት ግን ስምንቱ ናቸው።

ከሩቅ መግባት የግድ ካስፈለገ መጀመሪያ በቪፒኤን ማለትም በተመሠጠረ የግል መስመር ወደ ተቋሙ ኔትወርክ መግባት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሪሞት ዴስክቶፕን መክፈት ይመረጣል። ይህ ሲደረግ በሩ ከመንገድ አይታይም።

በሌላው ዓለም የደረሰው

በሕክምና ተቋማት ላይ የደረሱት ትልልቅ አደጋዎች ሲመረመሩ መነሻቸው ተራ ነገር ሆኖ ይገኛል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተሰኘው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በእንግሊዝ ካሉት የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ተቋማት ከሦስቱ አንዱን ያህል አውኮ ከ6,900 በላይ ቀጠሮዎች እንዲሰረዙ አድርጓል። ጉድለቱን የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ ያልተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች ናቸው የተጠቁት።

የአየርላንዱ የበለጠ ያስተምራል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አንድ የአገሪቱ ጤና አገልግሎት ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን የኤክሴል ፋይል ከፈተ። አጥቂዎቹ በዚያው ገብተው ስምንት ሳምንት ያህል በኔትወርኩ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ግንቦት 6 ቀን የመላ አገሪቱን የሆስፒታል ኮምፒዩተሮች ቆለፉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ተገለጸው፣ መጀመሪያ በተጠቃው ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ጸረ ቫይረስ አጥቂዎቹን ለይቷቸው ነበር፤ ነገር ግን አይቶ እንዲመዘግብ እንጂ እንዲያግድ ሆኖ አልተስተካከለም። ምልክቱ ታይቶ ምርመራ ሳይታዘዝ እንደ ቀረ ሕመምተኛ ማለት ነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ የደረሰው በቀጥታ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ነው። የእናት ኩባንያው ኃላፊ ለአገሪቱ ምክር ቤት በሰጡት ቃል አጥቂዎቹ የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሠራተኞች ከሩቅ በሚገቡበት በር ነው። በዚያ በር ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማለትም በስልክ የሚመጣ ኮድ ወይም ተመሳሳዩ አልነበረም። ኩባንያው 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ከፍሏል፤ መድኃኒት ቤቶች ለሳምንታት ተቸግረዋል፤ መረጃቸው የተነካባቸው ሰዎችም ወደ 190 ሚሊዮን ይጠጋሉ። የጎደለው ነገር ዋጋው እጅግ አነስተኛ መሆኑ ልብ ይሏል።

የመሣሪያዎቹ ሠሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ኤኒዴስክ ራሱ በዚያው ዓመት ማሽኖቹ እንደ ተደፈሩበት አስታውቆ ደንበኞቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ መክሯል።

ስለ ፈቃድ

ሐኪም ሕመምተኛን ያለ ፈቃዱ አይነካም። በርቀት ጥገናም ይኸው ሥርዓት ሊኖር ይገባል፤ ነገሩ ግን ሁለት ፈቃጆች ስላሉት ትንሽ ይወሳሰባል። የኮምፒዩተሩ ተጠቃሚ መግባቱን ይፈቅዳል፤ መረጃቸው በውስጡ ያለው ሕሙማን ግን አልተጠየቁም፣ ሊጠየቁም አይችሉም። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው በእነርሱ ምትክ መቆሙን ማወቅ አለበት።

ከዚህ የተነሣ ሰው ባለበት የሚደረግ ጥገናና ሰው በሌለበት የሚደረግ ጥገና ተለይተው መታየት አለባቸው። በመጀመሪያው የጤና ባለሙያው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሚደረገውን ሁሉ ያያል፤ የሕሙማንን መዝገብ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ያላማረው ነገር ካየ ያቋርጣል። በሁለተኛው ቋሚ የይለፍ ቃል ተሰጥቶ ባለሙያው በፈለገው ሰዓት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በተለመደው ዊንዶውስ ላይ አንድ ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ ሲገባ በቦታው ያለው ስክሪን ይቆለፋል፤ በፊቱ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚሠራውን ማየት አይችልም። በቲምቪወር ዓይነቱ ግን በተለመደው አሠራር ሁለቱም አንድ ስክሪን ያያሉ። ለጤና ጣቢያ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው። ቋሚ መግቢያ ለሰርቨር ካልሆነ በቀር ለምርመራ ክፍል ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ የሚጠይቅ ባለሙያ ካለም ምክንያቱን ሊያስረዳ ይገባል።

ሕጉም በዚህ ላይ ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መግባትንም ወንጀል አድርጎታል። ፕሪንተር እንዲያስተካክል የተፈቀደለት ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ቢከፍት ፈቃዱን አልፏል ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ወገን መድቦታል። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት የታወቀ ነው፤ የጠጋኙ ግን በጽሑፍ ውል ሊታሰር ይገባል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ገባ የሚጻፍበት ተራ ደብተርም ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቢቀመጥ ይበቃል።

በቦታው የሚደረገው

ጠጋኙ ሩቅ ስለሆነ ጥበቃው በአብዛኛው በቦታው ባለው ሰው እጅ ነው። ዋናው ነገር ነርሷም ሆነች ሐኪሙ በየዕለቱ የሚሠሩበት መግቢያ ፕሮግራም መጫን የማይችል ተራ መግቢያ መሆኑ ነው። የአድሚኒስትሬተሩ መግቢያ ለጥገና ብቻ ይውላል። ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን በፍላሽ የሚተላለፈውን ቫይረስ ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል። ፍላሽ በአገራችን የጤና ተቋማት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚውል ነገር ነው፤ ካልታጠበ እጅ አይለይም።

ማስተካከያዎችን መጫን ሌላው ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ በልዩ ምዝገባ ካልሆነ በቀር የጥበቃ ማስተካከያ አይወጣለትም። ያረጀ ኮምፒዩተር ያለው ተቋም ቢያንስ የሕሙማን መዝገብ የያዘውን ማሽን ከኢንተርኔት መለየት ይኖርበታል። ማስተካከያ ከሩቅ በሚጫንበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ላይ፣ ሰው ባለበት ሰዓት ቢደረግ ይሻላል።

የማስመሰል ጥሪም ይኖራል። ደውሎ ከድጋፍ ክፍል ነኝ የሚል፣ ቁጥሩን ንገሩኝ፣ ኮዱን አንብቡልኝ የሚል ሰው ሲያጋጥም ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው የባለሙያው ቁጥር መልሶ መደወል ነው። እውነተኛው ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ በመጨረሻ ቢነሣም ከሁሉ የሚቀድም ነው። ቅጂው ያለማቋረጥ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተያያዘ ቤዛ ጠያቂው ፕሮግራም እርሱንም ይቆልፈዋል፤ ስለዚህ ተነቅሎ በቁልፍ ሊቀመጥ፣ በየሦስት ወሩም በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ ሊሞከር ይገባል። መልሶ የመጫኑን ሥራ በቦታው ያለ ቢያንስ አንድ ሰው ሊያውቀው ያስፈልጋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ በተቋረጠ ጊዜ ከሩቅ መግባት የሚችል አልነበረም።

አጠራጣሪ ነገር ለምሳሌ ያልተነካ ማውስ ሲንቀሳቀስ፣ ፋይሎች ስማቸው ሲለወጥ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲታይ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀላል፣ ዋይፋይ ከሆነም ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ ግን አይጠፋም፤ ምን እንደ ደረሰ የሚያስረዳው ፍንጭ በከፊል ያለው ሲጠፋ በሚሰረዘው ማስታወሻው ውስጥ ነውና። ሰዓቱ በደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ለባለሙያው በስልክ ይነገራል፤ ሕሙማንም ኮምፒዩተሩ እስኪመለስ ድረስ በወረቀት ካርድ ይስተናገዳሉ።