የወፍጮ ሞተር ጥላሸት

የማድቤት ጣሪያ ለምን ይጠቁራል? እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ወይም ምድጃው አየር ሲያጥረው እሳቱ በደንብ አይነድም። ይጨሳል። ነዶ ያላለቀው ደቃቅ ከሰል ከጭሱ ጋር ወጥቶ በጣሪያውና በድስቱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጥላሸት ይባላል። በናፍጣ የሚሠራ የወፍጮ ሞተርም በሆዱ ውስጥ እንደዚሁ ጥላሸት ይይዛል።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል? ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ መሰል ብረት ውስጥ ፒስተን ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲወርድ አየር ይስባል። ሲወጣ አየሩን ያምቀዋል። 16 ቁና አየር በ1 ቁና ቦታ እንደ መጠቅጠቅ ያህል ነው። የታመቀ አየር ይግላል። የብስክሌት ጎማ ሲነፋ ፓምፑ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። በሞተሩ ውስጥ ግን ግለቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ኖዝል የሚባለው ዕቃ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ በጋለው አየር ውስጥ ይረጨዋል። ናፍጣው ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑን ገፍቶ ወፍጮውን ያዞራል። ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ ይህን ዓይነት ሞተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ሠርቶ አሳየ። ዛሬ አውቶቡስና የጭነት መኪናም በዚሁ ዓይነት ሞተር ይሄዳሉ።

ጥላሸት የሚበዛው በምንድን ነው?

አንደኛ፣ የዱቄት ብናኝ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው አየር ያጥራል።

ሁለተኛ፣ ኖዝሉ ሲቆሽሽ ወይም ሲያረጅ ናፍጣውን መርጨቱ ቀርቶ ያንጠባጥባል። ጠብታው ነዶ ሳያልቅ ይከስላል።

ሦስተኛ፣ እህል ከአቅም በላይ ሲጨመር ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይወስዳል፤ አየሩ ግን አይበቃውም።

ጥላሸቱ በኖዝሉ አፍ፣ በቫልቮቹና በፒስተኑ ቀለበቶች ላይ ይጋገራል። ቫልቩ በደንብ አይገጥምም፤ ቀለበቱ ይጣበቃል፤ የታመቀው አየር ያፈተልካል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጠዋት አልነሳም ይላል። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ናፍጣ ይበላል። በመጨረሻም ይቆማል። ወፍጮ ከቆመ ደግሞ እህሉ በአህያ ሩቅ ቀበሌ ይጓዛል፤ አለዚያም እናቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጭሱን እንመልከት። ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ጨሶ ቢጠራ ችግር የለም። በሥራ ላይ ጥቁር ጭስ ካላቋረጠ ግን ናፍጣው በደንብ አይነድም፤ ገንዘባችን በጭስ ይወጣል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ የሚነደው የሞተር ዘይት ነው። የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ እናጽዳ። ናፍጣው ቆሻሻው እስኪዘቅጥ ትተን፣ አጥልለን እንቅዳ። ዘይቱን በጊዜው እንቀይር። እህሉን በልክ እንጨምር። ኖዝሉን መካኒክ ይፍታው። ሲረጭ እጅ ማቅረብ አደገኛ ነው፤ በግፊት የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ጭሱ ለሰውም ጠንቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከወፍጮ ቤቱ ውጭ፣ ሰው ተራ ከሚጠብቅበት ቦታ ራቅ ብሎ ይቁም።

ማጣሪያው የጸዳበትን፣ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን በደብተር እንጻፍ። የተጻፈ ቀን አይረሳም፤ ባለ ወፍጮውም ሆነ መካኒኩ አንብቦ ይረዳዋል።