የሞተር ብስክሌት ጩኸትና የማርሚታ ንግድ በሐይቅ እስጢፋኖስ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዪቱ ወጣ ሲል የሐይቁ ውሃ ይታያል፤ ውሃው በሦስት ወገን በከበበውም መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ይህ ገዳም በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የመሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በነገሥታቱ ዘንድ ይከበሩበት የነበረ ጥንታዊ ስፍራ ነው። የገዳሙን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ብዙ ስለ ሆኑ ለእነርሱ ትተን፣ እዚህ የሚነገረው በዚያው መንገድ ስለሚመላለሰው ሞተር ብስክሌትና ስለ ማርሚታው ይሆናል።

ሞተር ብስክሌት ለሐይቅና ለአምባሰል ንግድ የሚሰጠውን ጥቅም የሚክድ የለም። የአምባሰል አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት እንደ መሆኑ መጠን፣ የጭነት መኪና የማይወጣበትን መንገድ በሁለት ጎማ የሚያልፍ ነጋዴ እህሉንና ቆዳውን ከገበሬው ደጅ ድረስ ሄዶ ለመግዛት ይችላል፤ ባለሱቁም የጎደለበትን ዕቃ በዚያው ዕለት ከደሴ ያስመጣል። ነገር ግን ማርሚታው የተቦረቦረ ወይም ውስጡ የወጣለት ሞተር በገበያ መካከል ሲያልፍ የሚሆነውን ማንኛውም ባለሱቅ ያውቀዋል። የስልክ ንግግር ይቋረጣል፤ በዋጋ የሚከራከሩት ሰዎች ቃላቸውን እንደገና ለመናገር ይገደዳሉ፤ የተጫነች አህያ ደንግጣ ጭነቷን ትጥላለች። ለፈሰሰውም እህል ባለሞተሩ ካሣ ሲከፍል የታየበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በሐይቅ ነገሩ የሚብስበት ሌላ ምክንያት አለ። በማታና በማለዳ ጊዜ በውሃው ላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ፣ ከበላዩ ያለው ግን ሞቅ ያለ ሲሆን፣ ወደ ላይ ሊበተን የሚገባው ድምፅ ተመልሶ ወደ ታች ይታጠፋል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ደግሞ ድምፁን የሚያስቀር ዛፍም ሆነ ግንብ የለም። ስለዚህ በአንዱ ዳር የሚነዳ ሞተር በሌላው ዳር ላለው ሰው አጠገቡ ያለ ያህል ይሰማዋል። ይህም የሚሆነው መነኮሳቱ በማኅሌትና በጸሎት በሚቆሙበት፣ በከተማውም የንጋት አዛን በሚሰማበት ሰዓት ነው።

ይህ ነገር በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። የድምፅ ኀይል የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው፤ ዐሥር ዴሲቤል በተጨመረ ጊዜ ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ደግሞ ስድስት ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በአውሮጳ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት፣ ከ80 እስከ 175 ሲሲ የሆነ ሞተር ብስክሌት በ7 ሜትር ከግማሽ ርቀት ላይ ሲለካ ከ77 ዴሲቤል ማለፍ አልነበረበትም። በአገራችን የወጣው የድምፅ መጠን መመሪያም ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ሰፈር በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል መድቧል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። በ77 ዴሲቤል የሚሄደው ሞተር ድምፁ ወደ 45 የሚወርደው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ማርሚታው ተከፍቶ ሃያ ዴሲቤል ብቻ ቢጨምር ግን፣ ያው ሞተር በዚያው መጠን የሚሰማበት ርቀት ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ይሆናል። በየብስ ላይ ቤቱና ዛፉ ይህን ርቀት ያሳጥረዋል፤ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ግን የሚያሳጥረው ነገር ጥቂት ነው። ለሦስት መቶና ለሦስት ሺህ ሜትር ልዩነት ምክንያቱ ሁለትና ሦስት ቁራጭ ላሜራ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ጩኸቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ገና በከፍተኛ ግፊት ላይ ሳለ የጭስ ቫልቩ በድንገት ይከፈታል፤ ጋዙም እንደ ጥይት ይወጣል። አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፣ ይህ ፍንዳታ በያንዳንዱ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል። ማርሚታ የተፈለገው ይህን ለማብረድ ነው። ሪቭስ የሚባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 ለሞተር የሚሆን ድምፅ አብራጅ ሠርተው የፈጠራ መብት ካስመዘገቡ ወዲህ መልኩ ብዙ ጊዜ ቢለዋወጥም መሠረቱ ያው ነው። በማርሚታው ቆርቆሮ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ማገጃ ላሜራዎችና አጫጭር ቱቦዎች ተበይደው ክፍሎች ይሠራሉ። ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየታጠፈ ሲያልፍ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ የድምፁም ሞገድ ከማገጃው ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ከኋላው የሚመጣውን ሞገድ ያጠፋዋል።

እነዚህ ማገጃዎች በሁለት መንገድ ይጠፋሉ። አንደኛው ዝገት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ እንደሚወጣ ብዙ ሰው አያውቅም። ሞተሩ ረጅም መንገድ ሲሄድ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ በኖ ይጠፋል። ከከተማ እስከ ገዳሙ መግቢያ ወይም ከሱቅ እስከ መጋዘን ባለው አጭር ምልልስ ግን ማርሚታው ሳይግል ይቆማል፤ ውሃውም ከጭሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ደኅና የሚመስል ማርሚታ ሲነቀነቅ «ኳ ኳ» የሚለው ማገጃው ተበልቶ ስለ ወደቀ ነው።

ሁለተኛው የሰው እጅ ነው። አንዳንድ ወጣት ነጂዎች «ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ጉልበትም ይጨምራል» በሚል አሳብ ማገጃውን በመዶሻ ሰብረው ያወጡታል። በእርግጥ በሐይቅ ከተማ ሞተር ይደክማል፤ የድካሙ ምክንያት ግን ሌላ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስለሚያጣ፣ እዚህ ሲደርስ ከመቶ ሃያ የሚጠጋው ተቀንሶበታል። ይህን የአየር እጥረት ማርሚታ በመስበር ለማሟላት መሞከር የዳገቱን ጥፋት በጫማው እንደ ማላከክ ነው። ይባስ ብሎ ማርሚታው ሲከፈት የካርቡራተሩ ልክ ይዛባል፤ አየሩ ከቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ባለሱቅ ይህን ለማወቅ ካንዴላውን አስፈትቶ ቢያይ ይበቃዋል። ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ልኩ ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል። ካርቡራተሩ በዝቅተኛ አገር ልክ እንደ ተስተካከለ ወደ ደጋ የመጣ ሞተር ካንዴላው የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ስለ ሆነ፣ ጉልበት የሚፈልግ ነጂ ከመዶሻ ይልቅ የካርቡራተሩን ዢግለር ቢያስለውጥ ይሻለዋል።

ገዢ «ማርሚታዬ ጮኸ» ብሎ ሲመጣ አዋቂ ባለሱቅ ወዲያው አዲስ ማርሚታ አያወርድለትም። አስቀድሞ ቱቦው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ ማየት አለበት። በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር የጭስ ምልክት ካለ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል ማለት ነው፤ እርሱን ቀይሮ ሁለቱን ዳዶ እኩል ማጥበቅ ብቻ ድምፁን ይመልሰዋል። የጓርኒሲዮን ትርፍ ከማርሚታ ትርፍ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በትንሽ ገንዘብ የዳነ ደንበኛ ለጎማና ለዘይትም ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።

ጥፋቱ የማገጃው ሆኖ ከተገኘ ግን ሥራው እንደሚከተለው ነው። ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት ይታዩ የነበሩት እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የጅራታቸው ማገጃ በአንድ ብሎን የተያዘ ስለ ሆነ ይወጣል፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ በመሆናቸው ቀዳዳው በከሰል ይደፈናልና ማገጃውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መመለስ ይበቃል። በእነዚህ ሞተሮች የማርሚታው ሰፊ ሆድ ራሱ ለጉልበቱ ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ እርሱን መቆራረጥ ፈጽሞ አይገባም። እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት ባለ አራት ምቶች ግን ማገጃቸው ከውስጥ የተበየደ በመሆኑ፣ ተሰብሮ ሲወጣ በጅራቱ በኩል ሌላ ማስገባት ግድ ይሆናል።

የሚገባው ማገጃ ግድግዳው በቀዳዳ የተሞላ፣ የውስጥ ጫፉ በላሜራ የተደፈነ ቱቦ ነው። ጋዙ ጫፉ ዝግ ስለሚሆንበት በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ በያጆች የሚስቱት የቀዳዳዎቹን ብዛት ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ተደምሮ ከሲሊንደሩ ከሚመጣው ቱቦ አፍ ስፋት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ጭሱ ይታፈናል፣ ሞተሩም ይግላል። ለምሳሌ የቱቦው የውስጥ ወርድ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 616 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 5 ሚሊ ሜትር መብሻ የሚያወጣው አንድ ቀዳዳ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስለ ሆነ ቢያንስ 32 ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ከሰል ጥቂቱን እንደሚደፍን በማሰብ 40 ማድረግ ይመረጣል። ሲበሳ የቀረው ሹል ጠርዝ በሞረድ ይስተካከላል። ማገጃውን ለመያዝ በማርሚታው ጎን አንድ ብሎን በማይላላ ዳዶ ይታሰራል፤ ይህ ካልተደረገ በጋዙ ግፊት ተስፈንጥሮ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሊመታ ይችላል። ቱቦውን ሙቀት በሚችል የመስታወት ሱፍ መጠቅለል ሹሉን ድምፅ ይበልጥ ያለዝበዋል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ እርሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ተቃጥሎ ይበናል።

አስመጪዎችም የሚመለከታቸው ነገር አለ። መኪና በማይገባበት አገር የሚሠራ ሞተር ለብዙ ዓመታት ስለሚያገለግል፣ ማርሚታውን ሁለት ሦስት ጊዜ መለወጡ የማይቀር ነው። በገበያ ላይ ያለው ዕቃ ግን እኩል አይደለም። ናሙና ሲቀርብ በአንዱ ጫፍ አጮልቆ በሌላው በኩል ብርሃን የታየበት ማርሚታ ማገጃ የሌለው ባዶ ቱቦ ነው። ከፋብሪካው ማርሚታ ጋር በሚዛን ሲተያይ እጅግ የቀለለውም ላሜራው የሳሳ ስለ ሆነ ዝገት ቶሎ ይጨርሰዋል። ለ100 ሲሲ የተሠራውን ለ150 ሲሲ «ይገጥማል» ብሎ መሸጥ ደግሞ ሞተሩን ማፈን ነው፤ ብሎኑ ስለ ገጠመ ብቻ ዕቃው ገጠመ አይባልም።

ሕጉንም ማስታወስ ይገባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ዐይነቶች እንደ አንዱ ይቈጥረዋል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ሲታገድ ምክንያቱ ጩኸት ሳይሆን ወንጀል ነበር፤ ሆኖም በዕቃ ማድረስና በመለዋወጫ ንግድ የሚተዳደሩት ሰዎች የደረሰባቸውን ያስታውሳሉ። ሕዝብ የተማረረበት ዕቃ ጠበቃ አያገኝም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ማርሚታ ስለሌለው የዚህ ጽሑፍ ነገር አይደርስበትም፤ ነገር ግን ዛሬ በአምባሰል ዳገት ላይ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች እስኪያረጁ ድረስ ጓርኒሲዮን፣ የማይላላ ዳዶና ሙቀት የሚችል ሱፍ ፈላጊ አያጡም።

ማርሚታ የሚያስጠግን ሰው ለበያጁ ሊነግረው የሚገባ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። በብዙ ማርሚታዎች ሆድ በታች በኩል እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ቀዳዳ ትገኛለች። በያጁ ዝገት የበሳት መስሎት ሊደፍናት ይነሣ ይሆናል። ይህች ቀዳዳ ከላይ የተነገረው ውሃ እንዲንጠባጠብባት ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት ስለ ሆነች፣ አዲሱ ማገጃ ከተገጠመ በኋላም ክፍት እንደ ሆነች ትቆይ።