ከአርቦሬ ለጨረር ሕክምና የሚሄድ ሰው

ከጆሮ ግርጌ ወይም ከመንጋጋ ሥር የሚወጣ የማያም እብጠት ለወራት ችላ ይባላል። እንዲህ ያለው የምራቅ ዕጢ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር ግን አይለይም። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ ለነገ አይባልም።

ካንሰር ከሆነ፣ የሚቻል ሲሆን መጀመሪያ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ርዝራዥ ከቀረ፣ ወደ አንገት ንፍፊት ከተዛመተ ወይም ነርቭ ተከትሎ ከሄደ ጨረር ይከተላል። ጨረሩ የቀሩትን ሕዋሳት ዘረመል እየበጣጠሰ እንዳይባዙ ያደርጋል።

ጂንካ ላይ የጨረር ማሽን የለም። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ኋላ ጅማም ተጨምሯል። ከወይጦ ቆላ፣ ከአርቦሬ ለሚነሳ ሰው የሚከብደው ታዲያ ማሽኑ ሳይሆን ቆይታው ይመስለኛል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተለመደው መጠን ከ60 እስከ 66 ግሬይ ሲሆን በቀን 2 ግሬይ ገደማ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሰጣል፤ ስድስት ሳምንት ግድም ማለት ነው። ማሽኑ ላይ የሚተኙት ለደቂቃዎች ነው። ነገር ግን መሃል ላይ ከብት ለማየት ወደ አገር መመለስ ሕክምናውን ያዳክመዋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ማረፊያና አስተርጓሚ ይታሰብ።

መጀመሪያ በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊት ላይ ተዘርግቶ ጭምብል ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ ይይዛል። ጨረሩ ሲሰጥ አያምም። በአንገት የተደረደረው ጨሌ ግን መውለቅ አለበት፤ በሕክምናው ሰሞን የሚቆጣውን ቆዳም ይፈገፍገዋል። ቆዳውን ከፀሐይ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ለዚህ የአርቦሬ ልጃገረዶች የሚከናነቡት ጥቁር ጨርቅ ጥሩ ነው፣ ካልሻከረ።

ሕክምናው ከተጀመረ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ጣዕም ይጠፋል። ትኩስ የቡና ገለባ መጠጥ፣ አረቄና ትንባሆ ቁስሉን ያባብሱታል። ቀጠን ያለ የማሽላ አጥሚትና ወተት ይሻላል፤ ውኃ በየጊዜው ጎንጨት ማለትም ይረዳል። ቁስሉ ይሽራል፣ ድርቀቱ ግን ሊከርም ይችላል፤ ምራቅ ያጣ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

የተበላሸ ጥርስ ካለ መነቀል ያለበት ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዓመታት በኋላ ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድም ጨረር መውሰዱን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ጨረር ያረፈበት የመንጋጋ አጥንት ቁስሉ አልሽርም ሊል ይችላልና።