ጂም ጊሊያም፦ ሁለተኛው መቺ

በ1962 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋቹ ሞሪ ዊልስ 104 ቤዝ ሰርቆ ከ1915 ጀምሮ የቆየውን የታይ ኮብን የ96 ክብረ ወሰን ሰበረ። ከእሱ ቀጥሎ ለመምታት የሚሰለፈው ጂም ጊሊያም ግን ስሙ እምብዛም አልተነሣም። ለእኔ የዚያ ክብረ ወሰን ግማሹ የጊሊያም ነው።

ሯጭ ቤዝ የሚሰርቀው ወርዋሪው ኳሷን ወደ መቺው ሲልክ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ቤዝ በመፈትለክ ነው። መቺው ኳሷን ከመታት ስርቆት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ጊሊያም ዊልስ ሊሮጥ ሲያደባ ካየ፣ ለመምታት የምትመች ኳስ እንኳ ብትመጣለት ዱላውን ሳያነቃንቅ ያሳልፋታል። እንዲህ ያለች ኳስ ያሳለፈ መቺ እንደሳተ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ከሞላበትም ተራውን ያጣል። እሱ ከሦስቱ አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱን ለጓደኛው ሲል አሳልፎ ይሰጥና በቀረችው ዕድል ይታገላል። ይህን የሚደፍረው የሚመታውንና የማይመታውን ኳስ አጥርቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ጊሊያም እንዲህ ያለ ዓይን ነበረው፤ በዚያ ላይ በቀኝም በግራም ቆሞ ይመታ ነበር።

በ1928 በናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለደ። ለባልቲሞር ኤሊት ጃይንትስ በጥቁሮች ሊግ ተጫውቶ በ1953 ዶጀርስ ገባ፤ ቡድኑ ያኔ ገና ወደ ሎስ አንጀለስ አልተዛወረም፣ ብሩክሊን ነበር። ሁለተኛው ቤዝ የዝነኛው የቡድኑ ተጫዋች የጃኪ ሮቢንሰን ቦታ ነበር፤ ሮቢንሰን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ጊሊያም ተካው። በዚያው ዓመት ዶጀርስ በሚጫወቱበት ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

በ1965 መጀመሪያ መጫወቱን አቁሞ አሰልጣኝ ሆኖ ነበር። ቡድኑ ሲቸገር ግን ማልያውን መልሶ ለበሰና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆመ። የዚያ ዓመት የቤዝቦል የዓለም ዋንጫ (ወርልድ ሲሪስ) ሰባተኛ ጨዋታ፣ አምስተኛው ዙር፦ ዶጀርስ 2 ለ 0 ይመራሉ፣ የተጋጣሚያቸው የሚኒሶታ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ናቸው። የሚኒሶታው ዞይሎ ቬርሳየስ የመታት ኳስ መስመሩን ታክካ ስትከንፍ ጊሊያም ጓንቱን አዙሮ ቀለባትና ሦስተኛውን ቤዝ ረግጦ ሯጩን አስወጣ። ኳሷ ብታመልጠው ውጤቱ እኩል ሊሆን ይችል ነበር። የዶጀርሱ ወርዋሪ ሳንዲ ኩፋክስ ጨዋታውን በዚያው 2 ለ 0 ጨረሰ። ጊሊያም 37 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በመጀመሪያው ቤዝ አሰልጣኝነት ሠራ። በ1976 ዋና አሰልጣኙ ዋልተር አልስተን ሲለቅ ሹመቱ ለቶሚ ላሶርዳ ተሰጠ። ጨዋታውን ያን ያህል የሚያውቅ ሰው አንድም ቡድን ሳይመራ መቅረቱ ይቆጨኛል። ጊሊያም አሰልጣኝ ሳለ ከጎኑ ካደጉት ተጫዋቾች አንዱ ዴቪ ሎፕስ በ1975 በ77፣ በ1976 በ63 ስርቆት ሊጉን መርቷል።

ጊሊያም በጥቅምት 8 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በአንጎል መድማት ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ መክፈቻ፣ ዶጀርስ 19 ቁጥሩን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው አነሡት። በዚያው ምሽት ሎፕስ ሁለት ሆም ረን (ከሜዳው ውጭ የሚያርፍ ምት) መታ፤ ቡድኑም ተጋጣሚውን ያንኪስን 11 ለ 5 ረታ።