የደመወዝ ግብርን በዩቲዩብ ሲማሩ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ

የገቢ ግብርን ሀ ሁ በዩቲዩብ መማር ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ትልቅ እገዛ ነው፤ ያልገባውን ስሌት ደጋግሞ ያያል። ችግሩ አሮጌው ትምህርት ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ መቅረቡ ነው።

ወር በገባ 10,000 ብር የሚከፈለውን ተቀጣሪ እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ግብሩ 2,045 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ግን የመጀመሪያውን 2,000 ብር ነፃ አድርጎ ቀጣዩን 2,000 በ15፣ ከዚያ ያለውን 3,000 በ20፣ የቀረውን 3,000 በ25 በመቶ ያስከፍላል፤ ድምሩ 1,650 ብር። በየወሩ የ395 ብር ልዩነት! ለደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ብዙ ተማሪ 25 በመቶው መላውን ደመወዝ የሚመለከት ይመስለዋል። ጎበዝ አስተማሪ እርከኖቹን አንድ በአንድ ያሰላል እንጂ «ደመወዙን በ25 በመቶ አባዝታችሁ 850 ቀንሱ» ብሎ በአቋራጭ አያልፍም።

ቪዲዮው ከሐምሌ 2017 በፊት የተጫነ ከሆነ የስሌቱን መንገድ ይማሩበት፤ ቁጥሩን ግን ከማሻሻያ አዋጁ ያረጋግጡ።