ምች ያልሆነው የአፍ ቁስል

ሚዛን ተፈሪ ላይ አፉ የቆሰለ ሰው «ምች መቶህ ነው» መባሉ አይቀርም። ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ብዙውን ጊዜ ቁስሉ በሳምንት በሁለት ሳምንት በራሱ ይድናል፤ ምስጋናውን ዳማከሴው ይወስዳል። ጭንቁ ወር ሲያልፈው ነው፤ በርበሬ ያለው ወጥ ቀርቶ እንጀራ መዋጥ እንኳ ሲያቅት።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ፔምፊገስ ይባላል። አይተላለፍም። ሰውነት በሽታን ሊከላከልበት የሚያመርተው አንቲቦዲ የራሱን የቆዳ ሕዋሳት አያይዞ የያዘውን ፕሮቲን ያጠቃል፤ ሕዋሳቱ ይላቀቁና መሃላቸው ውሃ ይቋጥራል። አፍ ውስጥ የሚቋጥረው ስስ ነውና ወዲያው ይፈርጣል፤ ሐኪሙ የሚደርሰው ለተላጠው ሥጋ ነው። የብዙዎቹ ሕመም ከአፍ ጀምሮ ቆዳ ላይ የሚወጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ የፈንገሱም የባክቴሪያውም መድኃኒት ይሞከራል።

ቆዳ ላይ ከወጣ ጣት ይረዳል። ከቁስሉ አጠገብ ያለው ደህና የሚመስል ቆዳ ገፋ ተደርጎ ሲታሽ ከተላጠ ፔምፊገስን ያስጠረጥራል። ምልክቱን በ1896 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሩሲያዊው ኒኮልስኪ ነው። ውሃው ወጥሮ በቀላሉ የማይፈርጥ ከሆነና ሕመምተኛው በዕድሜ ከገፋ ግን ፔምፊጎይድ የተባለው ዘመዱ ይታሰባል።

የሚያረጋግጠው ናሙና ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቁራጭ ከአዲስ ቁስል ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ሕዋሳቱ የቱ ጋ እንደተላቀቁ ይታያል። ሁለተኛው የሚቆረጠው ቁስሉ አጠገብ ካለው ካልተላጠው ቆዳ ነው። ይህኛው በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ የተለጠፈው አንቲቦዲ የሚታይበት ስለሆነ ፎርማሊን ከነካው ከንቱ ነው። ናሙናው የሚቀመጥበት ልዩ ፈሳሽ ከሌለ በሴላይን ለአንድ ቀን ያህል ይቆያል፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀችው ሚዛን ተፈሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አብዛኛው ሕመምተኛ ይሞት ነበር። ነገር ግን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በራስ መጀመር አይገባም። እርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር ለሚውል የቡና ገበሬ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ስቴሮይድ ሲያገኝ በሰውነት ውስጥ ተራብቶ ሊገድል ይችላል። ትሉም ሳንባ ነቀርሳም አስቀድመው ይመርመሩ።

አፍዎ ውስጥ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ያለፈው ቁስል ካለ፣ ሌላ ቅባት ከመግዛትዎ በፊት «ናሙና ይወሰድልኝ» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።